ለዓይን የተከመረ

ከተማችን ራቤል ላይ የመስቀል ወፍና የባሕር ዛፍ ግንድ አብረው ነው የሚመጡት። ክረምቱ ወጣ ብሎ ጭቃው ጠንከር እንዳለ፣ ሰው በአህያም በትከሻም፣ አቅም ያለው ደግሞ በአይሱዙ እያስጫነ እንጨቱን ወደ ከተማ ያስገባል። ጥቅምት ሳይጋመስ በየደጁ ክምር ይቆማል። በየደጁ ስል በዋዛ አይደለም። ጓሮ እያለ፣ ከማድ ቤቱ ጥግ ሰፊ ቦታ እያለ፣ ማገዶው የሚደረደረው ከአጥሩ ሥር፣ ፊቱን ለመንገደኛ ሰጥቶ ነው።

ነገሩ ይገባኛል። ድሮ የሰው ሀብት በገብሱ ክምርና በበጉ ብዛት ይታወቅ ነበር። ዛሬ ገብሱ ተወቅቶ ቶሎ ጎተራ ይገባል፤ በጉም ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይነጉዳል። ደጅ ላይ ቆሞ ለባለቤቱ የሚመሰክርለት የቀረው እንጨት ብቻ ነው። ልጅ ሊጠይቁ የሚላኩ ሽማግሌዎች እንኳ የግቢውን በር ከመግፋታቸው በፊት ክምሩን በዓይናቸው ይለኩታል። የጫማቸውን አቧራ የሚያራግፉ መስለው ጎንበስ ብለው ረድፍ ሲቆጥሩ ደርሼባቸዋለሁ።

በሰፈራችን በክምር የሚወዳደራቸው የሌለ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን ልተወውና ባለክምሩ እንበላቸው። ባለክምሩ እንጨት የሚደረድሩት ሲባጎ ወጥረው ነው። ወፍራሙ ከፊት፣ ቀጭኑ ከኋላ፣ ጎባጣው ከመሀል ይደበቃል። የተቆረጠው አፍ ሁሉ በአንድ መስመር ወደ መንገዱ ያፈጣል፤ አንዱ ግንድ ጣት ያህል ወጣ ካለ በመዶሻ ቀጥቅጠው ቦታው ይመልሱታል። ጧት ጧት በርኖሳቸውን ደርበው ይወጡና ክምሩን ዞረው ይሳለሙታል ማለት ይቀለኛል። ሰላምታ ሲቀርብላቸውም መልሳቸው ስለ ጤናቸው ይሁን ስለ እንጨቱ መለየት ያስቸግራል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ይመስገነው! ትናንት አንድ ረድፍ ጨመርን።»

አሁን ከዚህ ክምር ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ እንዝለቅ። ማድ ቤት ውስጥ ባለቤታቸው እትዬ ምጣድ ጥደው ይታገላሉ። ጉልቻው ሥር የገባው እንጨት አልነድ ብሏል። ጫፉ አረፋ ይደፍቃል፣ ጭስስ ይላል፣ ውሃ ያንጠባጥባል። እትዬ እፍ ይላሉ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ደግሞ እፍ ይላሉ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ይጋገርና ለውሻው ይጣላል። ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ ደጅ ሲደርስ ጋሼ በርኖሳቸውን ሰብሰብ ያደርጉና፣

«ምነው ዛሬስ ጭሱ በዛ?» ይላሉ።

«ከገበያ የመጣው እንጨት እርጥብ ነዋ!»

«ታዲያ ደረቁን አትመርጪም ነበር?»

«ደረቁማ እዚያ ደጅ ቆሟል። ይፍቀዱልኝና ትንሽ ላውርድ?»

ጋሼ ዝም። ክምሩ አይነካማ! የልጃቸው ሠርግ ማገዶ ነው። ሠርጉ ለየትኛው ዓመት ጥር እንደሆነ ግን አልተቆረጠም፤ ልጁ ገና አላጨም። አንዳንዴ ጨዋታው ሲቀየር ሠርጉ ተዝካር ይሆናል፣ ተዝካሩ ክርስትና ይሆናል፤ ክምሩ ግን ያው ክምር ነው። እናም ቤቱ ደረቅ እንጨት አስቀምጦ እርጥብ እንጨት እየገዛ ይኖራል።

ይህ የጋሼ ብቻ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላጠፋበትም ነበር። በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ እንግዳ ካልመጣ የማይወርድ ብርጭቆ እንዳለ ሁሉ፣ እንግዳ ካልመጣ የማይነድ እንጨትም አለ። ልዩነቱ ብርጭቆው ዓይን አያቃጥልም።

ባለክምር ያልሆነው ሰው ደግሞ የራሱ ብልሃት አለው። በገበያ ቀን እንጨት ተራ ቆማችሁ ገዢውን ብትመለከቱ ከቲያትር አያንስባችሁም። አንዱን ሸክም ከፍ ያደርገዋል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። «ይኼስ ቀለለኝ፤ ያንን ጠብደል አርገው» ይላል። ሻጩ ልቡ ይስቃል። ያ ጠብደል ትናንት ማታ የተገነደሰ ነው፤ ቅጠሉ ገና ከቅርንጫፉ አልረገፈም። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። 40 ኪሎ ሸክም አነሳ ማለት 20 ኪሎ እንጨትና 20 ኪሎ ውሃ አነሳ ማለት ነው። ወንዝ ወርዶ በጄሪካን በነፃ የሚቀዳውን ውሃ በእንጨት ዋጋ ገዝቶ፣ አህያ ተከራይቶ፣ ዳገት አስወጥቶ ቤቱ ያስገባዋል። ከዚያ ተራ ሲመለስ ፊቱ ላይ ያለውን የአሸናፊነት ስሜት ማየት ነው!

ውሃው ቤት ከገባም በኋላ አርፎ አይቀመጥም። እሳት ሲነካው ከእንጨቱ በፊት መፍላት ያለበት እሱ ነው። 20 ኪሎ ውሃ አፍልቶ በእንፋሎት ለማባረር፣ ሙቀቱ ምንም ሳይባክን እንኳ፣ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ እንጨት ሙቀት ይፈጃል። ሦስት ኪሎው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ዋናው ጣጣ እሳቱ መቀዝቀዙ ነው። እንጨት ሲሞቅ የሚተነፍሰው ጋዝ በበረታ እሳት ውስጥ ካለፈ ነበልባል ይሆናል፤ እሳቱ ከቀዘቀዘ ግን ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ማድ ቤታችን ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው ጥላሸት የተከፈለበት፣ ግን ያልተሞቀ ማገዶ ነው። የቀረው በእትዬ ዓይንና ሳንባ ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ በእንጨት፣ በኩበት፣ በከሰልና በላምባ ከሚያበስሉ ቤቶች በሚወጣው ጭስ ሰበብ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ይህን ለባለክምሩ ብነግራቸው፣ «ወቸው ጉድ! ፈረንጅ የማይቆጥረው ነገር የለም» ብለው ረድፋቸውን መቁጠር ቀጠሉ።

መብራት የገባላቸው ቤቶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛ ሰው ማገዶ ማድረቅ የኋላ ቀር ሥራ ይመስለዋል። መብራቱ ሊጥ ከቀጠነ በኋላ ድርግም ይልና ያ ዘመናዊ ሰው ጎረቤት ለጎረቤት ፍልጥ ሲለምን ያመሻል። የሚሰጡትም እርጥቡን ነው።

እርግጥ የእኛ አገር ሰው እንጨት ቢያከብር አይፈረድበትም። ከመሐል ሜዳ እስከ ግሼ ያለውን ደጋ ያየ ሰው ምክንያቱን ሳይነገረው ያውቃል። ግድግዳው ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ ሜዳው ገላጣ፣ ሌሊቱ ውርጭ። ባናና ዝተት የሚሠራ ሕዝብ ብርድን እንዴት እንደሚያውቀው መናገር አያሻም። ዛፍ ብርቅ በሆነበት በዚህ አገር ማገዶ በሥርዓት የሚጠበቅ ነገር ነበር። ጎረቤታችን ገራ ምድር ያለው ጓሳ የሚባል የሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው። ሣሩ እንዲያገግም ቦታው በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። ቀኑ ደርሶ ሲከፈት ባለመብቱ የጓሳ ሣሩን ለክዳንና ለገመድ ያጭዳል፣ ጭረንፌ የሚባለውን ቁጥቋጦ ለማገዶ ይሰበስባል፤ ከቀኑ በፊት የገባ ግን ወዮለት። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው። ኋላ ነዋሪው ራሱ ተሰብስቦ በሌላ መልክ ጥበቃውን መለሰው፤ ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ የሚመጣ ሁሉ የዚያን ትዕግሥት ፍሬ ነው የሚያየው።

እነዚያ ሰዎች ለሣር 5 ዓመት ታገሡ። የልጅ ልጆቻቸው ለእንጨት 5 ወር መታገሥ አቅቶን ጧት የተቆረጠውን ማታ እንማግዳለን። ወይም ደግሞ እንደ ባለክምሩ 5 ዓመት ታግሠን ጭራሹን አናነደውም።

ባሕር ዛፉ ራሱ ትዕግሥት ላጣ ሰው ተብሎ የመጣ ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ከአውስትራሊያ የተነሣው ይህ ዛፍ አገራችን ሲገባ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እዚያ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፉ ግን ፈጥኖ አደገ፤ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ አቆጠቆጠ፤ ከተማዋም ሳትነቅል ቀረች። ከዚያ ወዲህ ከእንጦጦ ጀርባቸው ጎብጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ናቸው የከተማዋን ምድጃ ሲያሞቁ የኖሩት። እነሱ ሸክም ሲያነሱ «ቀለለኝ» ብለው አያማርሩም። በራሷ ጀርባ የምትሸከም ሴት ደረቅና እርጥብ የት እንደሚለያዩ ማንም ሊያስተምራት አይችልም።

ይህ ዛፍ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ጭረቱ ጠምዛዛ ነው። እርጥብ ሳለ ፋስ ያረፈበት እንደሆነ ጧ ብሎ ይከፈላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ከድንጋይ አይሻልም። ይህን በየሰፈሩ ያለ ፈላጭ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው «ሲደርቅ እፈልጠዋለሁ» የሚለው ባለቤት ነው። ግንዱን ከነቅርፊቱ፣ እንደ ተቆረጠ፣ ያጋድመዋል። ውሃ ከእንጨት የሚወጣው በተቆረጠው አፍና በተፈለጠው ጎን ነው፤ ቅርፊት ለውሃ የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ ግንዱ ከላይ ይጠነክራል፣ ከውስጥ እርጥብ እንደሆነ ይከርማል። ሰውየው ዓመቱን ጠብቆ፣ በዓል ሲቃረብ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ልጆች ከበውት ፋሱን ያነሳል። ፋሱ ነጥሮ ይመለሳል። ይደግመዋል፤ ሽብልቅ ይከታል፤ ሽብልቁ ተነክሶ ይቀራል። በመጨረሻ ዛቢያው ይሰበራል። ዛቢያ በተሰበረበት ቀን ዋጋው እጥፍ የሚሆን ፈላጭ ይጠራል፤ እሱም ግንዱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ፣ «ጌታዬ፣ አምና ቢጠሩኝ ኖሮ በግማሽ ዋጋ እፈልጥልዎት ነበር» ይላል። ባለቤቱ ለዚህ መልስ የለውም፤ ቢሆንም ዘንድሮም ከነቅርፊቱ እንዳጋደመው በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ የላስቲኩ ነገር አለ። በእኛ አገር በልግ አለ፤ የካቲት ላይ ሰማዩ ሊያጉረመርም ይችላል። እናም ጥር ማብቂያ ላይ አንዲት ዳመና ብቅ ባለች ቁጥር ባለክምሩ ሰማያዊውን ሸራ ይዘው ይወጣሉ። ከአናቱ እስከ መሬት ያለብሱታል። ጠርዙን በድንጋይ ይጭኑታል፣ በገመድ ያስሩታል፣ ነፋስ የሚገባባት ቀዳዳ እንዳትቀር ጎንበስ ብለው ይፈትሻሉ። ከውጭ ዝናብ እንዳይገባ ሲሉ ከውስጥ ያለውን ውሃ ቆልፈውበት ይሄዳሉ። ቀን ፀሐይ ሸራውን ሲያግለው ውሃው ይተናል፤ ሌሊት ውርጩ ሲመታው ሸራው ሥር ተንጠባጥቦ እንጨቱ ላይ ይመለሳል። እንዲህ ሲተንና ሲመለስ ይከርማል። እንጨት የሚፈልገው ባርኔጣ ነበር፤ እሳቸው ካፖርት አለበሱት። አናቱን ብቻ ሸፍኖ ጎኑን ለነፋስ መተው፣ ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ አንጥፎ ከመሬቱ እርጥበት ከፍ ማድረግ፣ ሥራው ይኸው ነበር። የራቤል የኅዳርና የታኅሣሥ ፀሐይና ነፋስ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ቀጠን ተደርጎ የተፈለጠ እንጨት ጥቅምት ላይ ቢሰጣ በልግ ሳይደርስ «ማግዱኝ» ይላል።

በማገዶ ማበድ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ላርስ ሚቲንግ የተባለ ኖርዌያዊ ደራሲ እንጨት ስለ መቁረጥ፣ ስለ መደርደርና ስለ ማድረቅ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉ እንደ ጉድ ተቸበቸበ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የአገሩ ቴሌቪዥን ኤንአርኬ ስለ ማገዶ 12 ሰዓት የፈጀ ዝግጅት አስተላለፈ። ከፊሉ ወሬ ነው፤ የቀረው ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ ምድጃ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ አየ። ከዚያ የቅሬታ መልእክት ጎረፈ። ግማሹ «እንጨቱን ቅርፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ደርድራችኋል» ብሎ ተቆጣ፤ ግማሹ «ቅርፊቱን ወደ ታች አድርጋችኋል» ብሎ ተቆጣ።

ይህን ሳነብ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። የርስት ሙግት ከቀረብን ወዲህ በቅርፊት መሟገት ጀምረናል። ባለፈው ጥቅምት ጠላ ቤት ውስጥ ሁለት የተከበሩ ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። አንደኛው፣ «ቅርፊት ወደ ላይ ሲሆን ዝናቡን እንደ ቆርቆሮ ያንሸራትተዋል» አሉ። ሁለተኛው፣ «ቅርፊት ወደ ታች ካልሆነ የመሬቱ እርጥበት ሽቅብ ይጠጣል፤ አባቴ እንዲያ ነው ያሳየኝ» አሉ። አባት ከተጠቀሰ ሙግቱ ይከርራል። ሽማግሌ ተጠራ፣ ምሳሌ ተቆጠረ፣ መሐላ ተደረደረ። ነገሩ እንዲህ የሚያካርር አልነበረም፤ አናቱ ከተሸፈነና ሥሩ ከመሬት ከተነሳ ቅርፊቱ የትም ቢዞር ለውጡ እምብዛም ነው። በመጨረሻ ጠላ የምትቀዳዋ ሴትዮ ምን ትያለሽ ተባለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ አሻሮ ስትቆላ ነው የዋለችው።

«የቅርፊቱን አላውቅም ጋሼ» አለች፤ «ጭሱ ግን በየትም ቢደረደር ወደ እኔ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። እውነት መሆኑን ያሰበ አንድም ሰው አላየሁም፤ ጠላው ተቀድቶ ሙግቱ ካቆመበት ቀጠለ።

እውነተኛውን የክምር ሊቅ ማየት የፈለገ ወደ ጓሮ ይዙር። እዚያ የእትዬ የኩበት ክምር አለ። እበቱን በገለባ ለውሰው፣ ጠፍጥፈው፣ በድንጋዩ ግድግዳና በካቡ ላይ ይለጥፉታል። አንዱ ፊት ሲደርቅ ይገለብጡታል። ሁለቱም ፊት ሲደርቅ ነፋስ እንዲያልፍበት በጎኑ ያቆሙታል። ሙሉ ለሙሉ ሲደርቅ ብቻ ይከምሩታል፤ አናቱን ሾጠጥ ያደርጉና ዝናብ እንዳይዘልቀው በእበት ይለስኑታል። አምና የተከመረው ሳያልቅ የዘንድሮው አይከፈትም። ሲባጎ የለ፣ ሸራ የለ፣ ወደ መንገድ ያፈጠጠ ነገር የለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ከተማው ሁሉ በእርጥብ እንጨት ሲታነቅ፣ የዚያ ቤት እሳት የሚያድረው በዚህ ክምር ነው።

እትዬ እንጨትም ሲመርጡ ደንብ አላቸው። ሁለት ፍልጥ ያነሱና ያጋጩታል። ደረቁ ቃ ብሎ ይጮሃል፤ እርጥቡ ድፍን ነው፣ ድምፅ የለውም። አፉን አይተው መሰንጠቁን ያረጋግጣሉ፤ ቅርፊቱን በጥፍራቸው ይሞክራሉ፤ በመዳፋቸው መዝነው ቀለል ያለውን ይወስዳሉ። ባላቸው ከባዱን ሲመርጡ እሳቸው ቀላሉን ይመርጣሉ፤ ሁለቱም አንድ ቤት ነው የሚገቡት። ለስንት ዓመት አብረው ሲኖሩ ጋሼ አንድም ቀን «እንዴት ነው የምትለይው?» ብለው አልጠየቋቸውም። መጠየቅ ከክምሩ ቁመት ላይ አንድ ረድፍ የሚቀንስ ይመስላቸዋል መሰለኝ።

ኩበቱ እሳት ውስጥ ሲገባ እርሻው ፍግ ይቀርበታል ብለው የግብርና ሠራተኞች ይቆጫሉ። እውነት አላቸው። ኩበት ጭሱም ቢሆን ለዓይንና ለደረት አይራራም። ግን ደጅ ላይ አንድ መኪና እንጨት አስቁሞ ቤቱ ኩበት እንዲማግድ የሚያስገድደው ጋሼ እንጂ እትዬ አይደሉም፤ ምክሩ ወደ በሩ በኩል ቢነገር ይሻላል።

ስለ ምድጃውም ሳልናገር አላልፍም። ምርት የሚባለው የሲሚንቶ የእንጀራ ምድጃ በአገራችን ከታወቀ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚያቅፈው ከጉልቻው ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እነ ጋሼም ገዝተዋል። ምድጃው የሚፈልገው ግን አጠር ቀጠን ያለ ደረቅ ፍልጥ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ደግሞ እርጥብ ጉማጅ ነው፤ በአፉ አልገባ አለ። ቢፈለጥስ? ፋሱ ዛቢያ የለውም። ስለዚህ ምድጃው ጥግ ተቀመጠና ዶሮዋ ታቀፈችበት። ጫጩቶቹ አምረው ወጥተዋል።

በዚህ መሀል፣ ማንም ባልጠበቀው ዓመት፣ የጋሼ ልጅ አጨ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሰፈሩ ሙሽራይቱን ለማየት ከጓጓው ይልቅ የክምሩን መፍረስ ለማየት የጓጓው ይበልጣል። ዳስ በሚጣልበት ዋዜማ ጎረምሶቹ ተሰበሰቡ። ጋሼ መጀመሪያ ሸራውን ራሳቸው ገፈፉ፤ የፊተኛውን ረድፍ የመጀመሪያ ግንድም ራሳቸው አወረዱ። እስከዚህ ድረስ እልል ያላለ አልነበረም።

ሁለተኛው ረድፍ ሲነሳ እልልታው ቀዘቀዘ። ነጭ ሻጋታ ነው። ሦስተኛው ላይ የጅብ ጥላ ተደርድሮ በቅሏል። ከመሀል አይጥ ጎጆዋን ይዛ ወጣች፤ ከሷ ቀጥሎም አምና ጠፋ የተባለና ጎረቤት የተጠረጠረበት የዶሮ እንቁላል ተገኘ። ከሥር፣ መሬት የነካው ረድፍ፣ በእጅ ሲይዙት ይፈረካከሳል። ጥሩ የሚባሉት የፊቶቹ ግንዶች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሙሉ ግንድ ናቸው፤ አልተፈለጡም። ጎረምሶቹ ፋስ አነሱ። ፋሱ ነጠረ።

ጎላው ተጥዷል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ የታረደው ሰንጋ ተሰቅሏል። ጋሼ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። በዚህን ጊዜ እትዬ ለማንም ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ሁለት ሴቶች አስከትለው ወደ ጓሮ ዞሩ። በእንቅብ በእንቅብ ኩበት መጣ። ለማቀጣጠያም ከማድ ቤቱ ጣራ ሥር፣ ከቆጡ ላይ፣ ለክፉ ቀን ያደረቁት ቀጫጭን ፍልጥ ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ ነደደ። ወጡም አላረረም፣ እንጀራውም ዓይን አወጣ።

ጋሼ ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። እንግዳ ሳይመጣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የወረዱትን ግንዶች አንድ በአንድ አስጠርገው የፊተኛውን ረድፍ መልሰው አስገጠሙት። ከበስተኋላው ባዶ ነው፤ በመንገዱ በኩል ለሚመጣ ግን እንከን የለውም። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሲወጣ ከበሩ ላይ እየቆመ አደነቀ። «ይህን ሁሉ ሕዝብ አብልተው ማገዶው ገና አልተነካም! ይህ ነው ቤት ማለት!» አሉ አንድ የሙሽራይቱ አጎት፣ እጃቸውን ክምሩ ላይ አሳርፈው። ጋሼም፣ «ተዉት እንግዲህ፣ ለታናሽየዋ ሠርግ ይሆነናል» አሏቸው።

ታናሽየዋ ገና አራተኛ ክፍል ናት።